እትዬ አስካለ ለምን ከመቀመጫቸው አልተነሱም

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማነው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ለቅሶው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በለተብርሃን ቤት ሆነ። ለተብርሃን የአሥመራ ልጅ ናት፤ ሮም ውስጥ ከእትዬ አስካለ የቀረበ ወዳጅ አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ አንድ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ገብቶ ተቀመጠና አጠገቡ ያለችውን ሴትዮ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«የትኛዋ አስካለ ናት ያረፈችው?»

«ያቺ ናታ፣ ለአባ ያልተነሳችው።»

«እ፣ እሷ ናት። ነፍስ ይማር።»

ሰውየው ሌላ አልጠየቀም፤ ገብቶታል። እዚህ ከተማ ያለ አገራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። አንድ ሐሙስ ቀን አንድ የተከበሩ መነኩሴ መጡ፣ የነበረው ሁሉ «ኖር» ብሎ ተነሳ፣ አስካለ የምትባል ሴትዮ ግን ቁጭ እንዳለች ቀረች። ለምን እንደተቀመጠች የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ያን ቀን ከጎናቸው ነበርኩ። መምህርት ስለሆንኩ ደግሞ ግማሹ ብቻ የተነገረ ነገር ስሰማ እጄ ጠመኔ ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

መጀመሪያ ሐሙስን ማስረዳት ይኖርብኛል። ሮም ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ ሴቶች ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። በዚህ ምክንያት ሐሙስ ቀን ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ በአማርኛና በትግርኛ ይሞላል። ከአገር ወሬ የመጣለት ያወራል፣ ያልመጣለት ይሰማል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ወሬው በርክቶ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ገና መምጣቴ ነው፤ ከወንድሜ ቤተሰብ ጋር ተቀምጬ ለአገራችን ልጆች ፊደልና ሒሳብ አስተምራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ወደ አደባባዩ የምሄደው ሰው ለማወቅ ነበር።

እዚያ ከሚሰበሰቡት ሁሉ የማይቀመጡ አንድ ሴትዮ አየሁ። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ቀጥ ያሉ፣ ትልልቅ የወርቅ ጉትቻ የሚያደርጉ፣ ሁሉንም ቆመው ሰላም ብለው ወደ አውቶቡሱ የሚያመሩ። አውቶቡሱ ፊዩሚቺኖ የሚሄደው ነው። ፊዩሚቺኖ ለእኛ አውሮፕላን ማረፊያ ማለት ነው፤ ሰው ለመቀበል ወይም ለመሸኘት ካልሆነ ማንም አይሄድበትም።

«እሳቸው ሐሙስ ሐሙስ ማንን ነው የሚቀበሉት?» ብዬ ለተብርሃንን ጠየቅኳት።

«ባሏን ልትጠይቅ ነው» አለች ለተብርሃን፣ እትዬ አስካለ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሽማግሌ ነው። ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡ በስብሷል።»

«ያንቺ ከላይም አያምር» አሉ እትዬ አስካለ ሳይዞሩ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ነገሩ ስላልገባኝ ተከትዬ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ ባልየው ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አስተማሪ ነሽ አሉ። አሎራ፣ እንግዲያው ጠመኔ ይዘሻል?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ። የተዋወቅነው እንዲህ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው ማኤስትራ፣ አስተማሪዋ፣ ይሉኝ ነበር።

ባልየው ጀልባ ነው። ቴቬሬ ወንዝ ወደ ባሕር ሊገባ ሲቃረብ ዳርና ዳሩ ላይ የጀልባ መጠገኛ ግቢዎች አሉ። ከእነሱ በአንዱ፣ ሲኞር ኔሎ በሚባል ጎምዛዛ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት የቆየች የሸራ ጀልባ በእንጨት ድጋፍ መሬት ላይ ቆማለች። ከራሳችን በላይ አውሮፕላኖች እየተንጫጩ ይወርዳሉ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ሻሽ አሰሩ፣ ጉትቻቸውን ግን አላወለቁም። በመሰላል ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ። ላይዋ በተሰለፉ ቀጫጭን ቡናማ ጣውላዎች ተለብጧል። እውነትም ያምራል።

«ጆሮሽን አቅርቢ» አሉኝና በካቻቢቴ እጀታ ጣውላውን ይመቱ ጀመር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ትንሽ ፈቀቅ ብለው ሲመቱ ድምፁ ተለወጠ፤ እርጥብ ትራስ የመምታት ያህል ዱፍ አለ። «በድንበሩ ላይ አስምሪልኝ» አሉኝ። እሳቸው እየመቱ እኔ እያሰመርኩ ሄድን። ስንጨርስ ጀልባዋ የሐይቆች ካርታ መሰለች፤ ትልቁ ሐይቅ ከፊት ለፊት ነበር።

እዚህ ላይ የጀልባን ወለል ማስረዳት አለብኝ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የቀረውን አይረዳም። የጀልባ የላይኛው ክፍል ከላይ ለቆመ ሰው ወለል ነው፣ ከታች ለተኛ ሰው ደግሞ ጣሪያ ነው። የዚህችኛዋ የተሠራው እንደ ፓኒኖ፣ መካከሉ ነገር እንደገባበት ዳቦ ነው። ከላይና ከታች በመስታወት ክርና በሙጫ የተጋገረ ስስ ቅርፊት አለ፣ መካከሉ ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት፣ ኮምፔንሳቶ ነው። ጥንካሬው የሚመጣው ሦስቱ ተጣብቀው አንድ ሲሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ለውበትና እግር እንዳያንሸራትት ቲክ የሚባለው እንጨት በብሎን ይታሰራል። ብሎኑ የላይኛውን ቅርፊት ይበሳዋል፤ ራሱ በትንሽ የእንጨት ውታፍ ይደፈናል። ውታፉ ከተነሳ ዝናብ ብሎኑን ተከትሎ ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ መውጫ የለውም። ኮምፔንሳቶው እየጠቆረ ይበሰብሳል። ቲክ ግን ውሃ አይፈራምና ከላይ ማማሩን ይቀጥላል።

«ማን እንዳበሰበሳት ታውቂያለሽ?» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ መሰላሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን እየላጡ።

«ዝናቡ ነዋ።»

«ዝናቡማ የሚገባበትን ቀዳዳ ማን ከፈተለት? እኔ ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነታቸው አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ቤት ይሠሩ ነበር። ፓርኬ ያለው የአዲስ አበባ ቤት እንዴት እንደሚጸዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሽቦ እግር ሥር ይደረግና እንደ እስክስታ ወዲያና ወዲህ ይፈገፈጋል፣ ከዚያ ሰም ይቀባል። ሮም መጥተው አንድ ጠበቃ ቤት ተቀጠሩ። ጠበቃው በበጋ ቤተሰቡን ይዞ በዚህች ጀልባ ባሕር ላይ ይከርማል፣ እሳቸውም ለማብሰልና ለማጽዳት አብረው ይሄዳሉ። እና ቲኩን ሲያዩት የሚያውቁት ወለል መሰላቸው። በየጠዋቱ ሽቧቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ይፈገፍጉት ጀመር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠበቃው «ወለሌን እዩት፣ እንደ አዲስ ነው» ይላል። ጣውላው ግን በየዓመቱ ይሳሳል፣ ውታፎቹም አንድ በአንድ ይነሳሉ።

«እንግዲህ ሰው በቆሻሻው ቤቱን ያፈርሳል ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። «እኔ ያፈረስኩት በንጽሕና ነው።»

ይህን ሲነግሩኝ ከልባቸው ይስቁ ነበር። እትዬ አስካለ ስለ ስሕተታቸው ሲያወሩ ስለ ሌላ ሰው ገድል የሚያወሩ ይመስላሉ። ትሑት ነበሩ ለማለት አልችልም። ከሲኞር ኔሎ ጋር ሲከራከሩ አንድም ቀን «ልክ ነህ» ሲሉት አልሰማሁም፤ ልክ በሆነባቸው ቀናት እንኳ።

ጠበቃው ከሞተ በኋላ ልጆቹ ጀልባዋን አልፈለጓትም፤ ከምትሰባበር ብላ መበለቲቱ ለእትዬ አስካለ ሰጠቻቸው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነገሩን ቀልድ አድርገው ተዉት። በዚያ ዓመት ግን ቀልድ መሆኑ ቀረ። ሲኞራዋ አርጅታ ሚላኖ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነው፤ ቤቱም መስከረም ሲያልቅ ይሸጣል። እትዬ አስካለ ከሃያ ዓመት በላይ ያደሩት በዚያ ቤት ወጥ ቤት አጠገብ ባለች ክፍል ነው። ቤቱ ሲሸጥ ክፍሏም ትሸጣለች። አገር ቤትስ? ከደመወዛቸው እየላኩ አዲስ አበባ ሁለት ክፍል ቤት አሠርተው ነበር። ትርፍ ቤት ሲወረስ ባለቤቷ የለችም ተብሎ ቀበሌ ወሰደው።

«መሬት ላይ የሠራሁትን ወሰዱት» አሉኝ አንድ ቀን። «ውሃ ላይ ቀበሌ የለም።»

ሲኞር ኔሎ ደግሞ ለግቢው ጠባቂ ይፈልግ ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ ጀልባዋ ሲኞራዋ ከመሄዷ በፊት ውሃ ላይ ከወረደች ወንዙ ዳር ትታሰራለች፣ አስካለ ይኖሩባታል፣ ግቢውንም ይጠብቃሉ። ሥራም አድራሻም ስለሚሆን ፔርሜሷቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ይታደሳል። ካልወረደች የቆመችበት ቦታ ለሌላ ስለሚፈለግ በመጋዝ ተቆራርጣ ትጣላለች። የበሰበሰ ወለል ያላትን ጀልባ ደግሞ ውሃ ላይ አላወርድም አለ።

እንግዲህ ሐምሌና ነሐሴ ቀረላቸው። አገር ቤት ክረምት ነው፣ ሮም ግን ደረቅ በጋ። ለዚህ ሥራ ደረቅ መሆኑ ጥሩ ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔም አብሬ መዋል ጀመርኩ።

መጀመሪያ ጊዜ አባከኑ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ሲኞር ኔሎ «ቲኩን ገንጥለሽ ጣይው፣ በምትኩ ቀለም ይቀባል» ቢላቸው እምቢ አሉ። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው፣ ሥሩን ጠግነው፣ መልሰው ሊያስሩ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ እያንዳንዱን ጣውላ ቁጥር ጻፍኩበት። ስንነቅላቸው ግን ከመሳሳታቸው የተነሳ እንደ ቂጣ ተሰባበሩ። ሲኞር ኔሎ ከታች ቆሞ ሲጋራውን እያጨሰ ያያል።

«አስካሌ፣ ሽቦ አምጥቼልሽ ትፈጊው?» አላቸው።

የያዙትን ስባሪ ወረወሩበት። ሳተው። መሰላሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስባሪዎቹን አንድ በአንድ ያገላብጡ ጀመር። ያ ጣውላ እሳቸው በሮም የሠሩት ሥራ ሁሉ የታየበት፣ ሰው ያደነቀበት ነበር። ከዚያ ብድግ ብለው ብረት አንስተው የቀረውን በራሳቸው እጅ ይገነጥሉት ጀመር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥርዓት ያዘ። ቲኩ ከተነሳ በኋላ እንደገና እየመታን በጠመኔ ያሰመርንበትን የላይኛውን ቅርፊት በመጋዝ ቆርጦ እንደ ክዳን ማንሳት፤ ጥቁሩን ብስባሽ በመሮ ፍቆ ማውጣት፤ ማድረቅ፤ አዲስ ኮምፔንሳቶ ለክቶ በሬዚና ማጣበቅ፤ ክዳኑንም በሬዚና መልሶ መግጠም። ሬዚና ማለት ሲቀባ እንደ ማር የሚፈስ፣ ከሰዓታት በኋላ ግን እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ሙጫ ነው። ሁሉ ነገር ያለው በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ነው። የጀልባ ወለል ጎበጥ ያለ ስለሆነ ኮምፔንሳቶውና ክዳኑ ወደ ላይ መነሳት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ሙጫው እስኪደርቅ ክብደት ይጫንባቸዋል። ሊደርቅ ሲል ከተነሱ መካከሉ አየር ይገባዋል፣ ዳግመኛም አይጣበቅም። ጎንና ጎኑን በሲኞር ኔሎ የእርሳስ ክብደቶች እየጫንን ጨረስን።

የቀረው ትልቁ ሐይቅ፣ የፊቱ ነበር። እሱ ደግሞ በትክክል ከሚተኙበት አልጋ በላይ ያለው ነው። ለእሱ ስንደርስ ጳጉሜ ገብቷል። ክብደቶቹን ሲኞር ኔሎ ለሌላ ሥራ ወስዷቸው ነበር፤ አሸዋ በከረጢት እንሙላ አልኩ። እትዬ አስካለ ከረጢት አንድ ቦታ ይጫናል እንጂ እኩል አይጫንም ብለው አሰቡ፣ አሰቡና፣

«ተርሚኒ ሐሙስ ሐሙስ ስንት ኪሎ ሰው ያለ ሥራ ተቀምጦ ይውላል?» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሴቶቹ በአውቶቡስ መጡ። ደቦ ነው ተብለዋል፤ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቁ «መቀመጥ» መባሉን አላመኑም። ለተብርሃን ትልቅ ሳፋ ሙሉ ምግብ ተሸክማ መጣች። ጫማ እንዲያወልቁ ተደረገ። እትዬ አስካለ ሬዚናውን ቀብተው፣ ክዳኑን አስቀምጠው፣ ላስቲክ አነጠፉበት። ከዚያ እንደ አስተማሪ በየተራ አስቀመጧቸው፤ ወፍራም ወደ ጠርዝ፣ ቀጭን ወደ መካከል።

«እኔን ጠርዝ ላይ ያስቀመጥሽኝ ወፍራም ነሽ ለማለት ነው?» አለች ለተብርሃን።

«ጠርዙ ያስቸግራል። ጠርዙን የምትችይው አንቺ ነሽ ለማለት ነው።»

«ማኤስትራ፣ አሁን ይህ ስድብ ነው ምስጋና?»

«እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው» አልኳት።

እትዬ አስካለ ራሳቸው ከሁሉ የሚያስቸግረው ቦታ፣ ጫፉ ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። እኔ ከጎናቸው። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን። እስክናገር ድረስ ማንም አይነሳም» አሉ። «ሽንት የመጣባት አሁን ትናገር።» ፀሐዩ ደስ ይል ነበር። ተበላ፣ ተወራ፣ አንዷ የአሠሪዋን አነጋገር እያስመሰለች አሳቀችን። ሬዚናው ከሥራችን ሲሞቅ በላስቲኩ በኩል ይሰማል፤ ሲጠነክር ይሞቃልና። እትዬ አስካለ መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ሙቀቱን ይከታተሉ ነበር። «አሁን ነው ክፉው ሰዓት» አሉኝ በጆሮዬ።

ለተብርሃን ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር። አባ ኪዳነ ማርያም፣ ከኢየሩሳሌም መጥተው ሮም ላይ ለጥቂት ጊዜ ያረፉ ሽማግሌ መነኩሴ፣ መጥተው ጀልባዋን እንዲባርኩላቸው ለምናቸው ነበር። ለእትዬ አስካለ ያልተጠበቀ ደስታ ይሆናል ብላ ነው። አንድ ሰው በመኪና አመጣቸውና መሰላሉን ቀስ እያሉ ወጡ። መጀመሪያ ቆባቸው ታየ፣ ከዚያ ጺማቸው፣ ከዚያ መስቀላቸው።

ሁላችንም ተነሳን። «ሁላችንም» ስል እኔንም ጨምሮ ነው። ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ትልቅ ሰው ሲገባ ጉልበት ራሱ ያውቃል፣ አፍም «ኖር» ይላል። እኔ ቆሜ ካበቃሁ በኋላ ነው የት እንደቆምኩ ትዝ ያለኝ። ከሥራችን ስስ የሆነ ድምፅ ተሰማ፤ ከጣሳ ላይ ክዳን ሲላቀቅ እንደሚሰማው ያለ።

«ተቀመጡ» አሉ እትዬ አስካለ።

ማንም አልሰማቸውም፤ ሴቶቹ መስቀል ሊሳለሙ እየተሻሙ ነው። እሳቸው ግን እንደተቀመጡ ናቸው። እንዲያውም ከመቀመጥ አልፈው እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ የለቀቅነውን ቦታ ሊሸፍኑ በደረታቸው ተኝተዋል። ቀስ በቀስ ሁሉም አያቸው።

«አስካለ» አለች ለተብርሃን፣ «አባ ናቸው እኮ።»

«አይቻለሁ። አባ፣ ይፍቱኝ። እኔ ከተነሳሁ ቤቴ አብሮኝ ይነሳል።»

ለተብርሃን በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሌላዋ ሴትዮ «ጉድ ነው፣ ፈረንጅ ሆነች» ስትል ሰማኋት። አባ ግን ወደ እኔ ዞሩ፤ ምናልባት በጣም የደነገጥኩት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል።

«ልጄ፣ ከሥሯ ምን አለ?»

አስረዳኋቸው። ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ኮምፔንሳቶው፣ ስለ ሙጫው። ማስረዳት ስጀምር ማቆም ያቅተኛል። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ስንት ሰዓት ይቀራል?»

«ሁለት ያህል» አሉ እትዬ አስካለ፣ ጉንጫቸው ላስቲኩ ላይ እንዳለ።

አባ መጡና ጎንበስ ብለው መስቀሉን በተኙበት አሳለሟቸው። ከዚያ መቋሚያቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ለተብርሃን ከተነሳችበት ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ማን ይቆማል? ሁላችንም በየቦታችን ተመለስን። ሁለቱን ሰዓት የቆየነው ያለ ሳቅ ነው። አባ ብቻ ምን ሲያስቀን እንደነበር ጠይቀው፣ በየመካከሉ፣ አሠሪዋን ስታስመስል የነበረችው ልጅ እንድትቀጥል ለመኗት፤ እሷ ግን አፈረች።

እንግዲህ ሰው የሚያወራው የትኛውን እንደሆነ አያችሁ። አባ መቀመጣቸውን ማንም አያነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን መታን። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዱፍ። ጠቅ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። የተነሳንበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነበር፤ የእኔም መቀመጫ ጭምር። ደህና የሆነው እትዬ አስካለ የተቀመጡበትና እጃቸው የደረሰበት ብቻ ነው። ሲኞር ኔሎ ወጥቶ አየው፣ መታው፣ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ቀለም ቀቢውና እናውርዳት» አላቸው። «ለጥቂት ዓመት ይበቃል። ማንም አይሰማውም።»

«እኔ እሰማዋለሁ። ከሥሩ የምተኛው እኔ ነኝ።»

«እንደገና ለመክፈት ጊዜ የለሽም፣ አስካሌ። ሲኞራሽ መቼ ነው የምትሄደው?»

የቀረውን ቀን በጣታቸው ቆጠሩ፤ አልበቃም። በመጨረሻ እሱ ራሱ ጺሙን እያከከ አንድ መንገድ ነገራቸው። ሳይከፍቱ በትራፓኖ ትንንሽ ቀዳዳ በስቶ፣ በወፍራም መርፌ ሬዚናውን ወደ ባዶው መግፋት። ይይዝ እንደሆነ ግን ዝናብ ካልመጣ ማወቅ አይቻልም አለ። መርፌውስ ከየት ይመጣል?

ለተብርሃን ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ አኩርፋለች። በለቅሶው ቤት የሰማሁት «ለአባ ያልተነሳችው» የሚለው ስም መጀመሪያ የወጣው ከእሷ አፍ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ሄጄ ሁኔታውን አስረዳኋት፤ መርፌ የሚለውን ቃል ሳነሳ ቀና ብላ አየችኝ። የምትሠራበት ቤት ጌታ የከብት ሐኪም ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ፊዩሚቺኖ መጣች፣ ነጠላዋን እንደለበሰች መሰላሉን ወጣች፣ ክንድ የሚያህል የፈረስ መርፌ ከቦርሳዋ አውጥታ ለእትዬ አስካለ ሰጠቻቸው።

«ከሰውየው አስፈቅጄ ነው ያመጣሁት። እና አጥበሽ መልሺ» አለች።

«በሽቦ ላጥበው?»

ለተብርሃን ላለመሳቅ ብዙ ታገለች።

ያን ዕለት ሦስታችን ሠራን። እኔ በየዱፉ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ፣ ለተብርሃን በትራፓኖ ትበሳለች፣ እትዬ አስካለ ይወጋሉ። ከአንዱ ቀዳዳ ሲገፉት በጎረቤቱ ቀዳዳ ማር የመሰለው ብቅ ሲል «ደረሰ» እንላለን። በመጨረሻ ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖች በላዩ ደረደርንበት። «እነዚህ ለማንም አይነሱም» አሉ እትዬ አስካለ።

ከመስቀል በኋላ ሲኞራዋ ሄደች፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። በዚያው ሳምንት ክሬኑ ጀልባዋን አነሳት። ሲኞር ኔሎ የእንጨት መዶሻውን ይዞ የመጨረሻ ጊዜ ወለሉን ዞሮ መታ፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ቆም ብሎ ደገመ፣ ምንም ሳይናገር ወረደ፣ በእጁ አውርዷት የሚል ምልክት ሰጠ። ወንዙ ላይ ስትቀመጥ ትንሽ ተወዛወዘችና ረጋች። እትዬ አስካለ ዕቃቸውን በሁለት ቦርሳ ይዘው ገቡ።

የሮም ዝናብ የሚመጣው በጥቅምት ነው፤ አገር ቤት ክረምቱ ካለፈ በኋላ። ያ የመጀመሪያው ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ የወረደ ነበር። ጠዋት ስነሳ በየመንገዱ ጎርፍ ተጋድሟል። ቁርስ ሳልበላ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በመንገድ ላይ የማስበው ያንኑ ነው፤ ከአልጋው በላይ ያለው ትልቁ ሐይቅ፣ እኔ የተነሳሁበት ቦታ። ከፈሰሰ ሌላ ቤት የላቸውም፤ ክረምቱም ገና መጀመሩ ነው።

ስደርስ ሲኞር ኔሎ ወንዙ ዳር ቆሟል፤ ቡናው እጁ ላይ ቀዝቅዟል። የጀልባዋ በር ዝግ ነው።

«ከነጋ ጀምሮ እዚህ ነኝ» አለኝ። «ምንም ድምፅ የለም።»

«ለምን አላንኳኳህም?»

«አንቺስ ለምን አታንኳኪም?»

አላንኳኳሁም። ተራ በተራ ሰዓታችንን እያየን ቆየን። እትዬ አስካለን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሴትየዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ለሰው ቁርስ ያቀረቡ ናቸው። ሌሊቱን ውሃ በሳህን ሲቀዱ አድረው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወይ ታመው። ሲኞር ኔሎ አንድ ጊዜ እግሩን ወደ ጀልባዋ አነሳና መልሶ አወረደ። ለምሳ ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል በሩ ተከፈተ።

እትዬ አስካለ ጉትቻ አላደረጉም። ፀጉራቸው ተንጨባሯል፣ ጉንጫቸው ላይ የትራስ መስመር አለ። እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሁለታችንን አዩን።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ጣሪያው እንዴት አደረ?» አልኳቸው።

ዞር ብለው ግቢውን አዩ፤ ኩሬዎቹን፣ ውሃ የሚያንጠባጥቡትን ሸራዎች፣ የሲኞር ኔሎን የራሰ ኮት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ዘንቦ ነበር እንዴ?» አሉ።